ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣው በገና ማግስት፣ ሜሪላንድ ውስጥ አክስቴ ቤት፣ ዶሮው አልቆ ቡናው ሲፈላ ነው። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ቀስቴን ይዤ ጫካ እንደምገባ ሲሰማ፣ ሶፋው ጥግ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ስልኩን ዝቅ አድርጎ "ምነው፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ነው ወይ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

ሳቁ ሳይበርድ ሁለተኛው ጥያቄ ተከተለ። "ዘንድሮ ስንት ጣልክ?"

ምንም። ወቅቱ ሴፕቴምበር ላይ ከተከፈተ ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ቅዳሜዎቼንና የዓመት ፈቃዴን በልቶ አንድ ኪሎ ሥጋ ያልሰጠኝ ዓመት ነው። "እና ለምን አትተወውም?" አለ ሌላው፣ አሁን ሳይቀልድ። "ካልሆነ ደግሞ ጠመንጃ ግዛ። ቀስት እኮ ጭካኔ ነው፤ እንስሳውን ታሰቃየዋለህ።" ይህን ያለው ሰውዬ ከአንድ ቀን በፊት ጾም ሲፈታ የበላውን ጥሬ ሥጋ እኔ ራሴ ቆርጬ ነው ያቀረብኩለት።

ያን ምሽት መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ትንሽ ዘግይቷል፣ ትንሽም ተቆጥቷል።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ ልንገራችሁ። እዚህ የማድነው ነጭ ጭራ የሚባለውን የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው። አማርኛችን ትክክለኛ ስም የለውም፤ ቢኖረው ነበር የሚገርመው፣ ምክንያቱም ከሰሃራ በታች የዚህ ዘር ተወላጅ የለም። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ከከብትና ከፍየል የሚዛመድ ነው፤ ጠመዝማዛ ቀንዱ አንዴ ከበቀለ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። የዚህኛው ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ክረምት ላይ ጥሎ በጸደይ እንደገና ያበቅላል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ዋላ የሚለው ሳይሆን አይቀርም፤ ግን "ዋላ ላድን ነው የምሄደው" ብል ሰው ዲያቆን የሆንኩ ይመስለዋል። ስለዚህ እንደ ሁሉም ዲያስፖራ አጋዘን እላለሁ። ቀስት ስልም ደጋኑንም ፍላጻውንም ጨምሬ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ይህን አንብቦ ባሌ ወይም አርሲ ሄዶ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚያስብ ካለ ይቅርበት። ያ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ እየጠፋም ነው። የእኔ አጋዘን የሰው ጓሮ ገብቶ ጽጌረዳ የሚበላ፣ መንገድ ላይ መኪና የሚያጋጭ፣ በሰፈሩ ከውሻ በላይ የሚታይ ፍጥረት ነው።

አሁን ወደ ዓመቱ።

የማድንበት ቦታ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ መሬት ነው። አኩሪ አተሩን አጋዘን እየጨረሰበት ስለተቸገረ በሩን ከፈተልኝ። ከማሳው ጠርዝ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ዛፍ ላይ፣ ማማዬን አሰርኩ። ማማ የምለው አገር ቤት ማሽላ ከዝንጀሮና ከወፍ የሚጠበቅበትን ዓይነት ነው፤ ይኼኛው ከብረት የተሠራና በቀበቶ ከግንዱ ጋር የሚታሰር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሴፕቴምበር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ከአጋዘን ይልቅ የወባ ትንኝ አደነኝ። ኦክቶበር ላይ የኦክ ዛፉ ፍሬ ከመጠን በላይ ወረደ። ይኼ ለአጋዘን ሠርግ ነው። ምግብ እግሩ ሥር ሲዘንብለት ለምን ብሎ ወደ ማሳው ይወጣል? ጫካው መሐል ተኝቶ፣ ተነስቶ፣ በልቶ፣ እንደገና ይተኛል። እኔ ማሳው ጠርዝ ላይ እንደ ቆርቆሮ ዶሮ ተሰቅዬ ነፋሱን እቆጥራለሁ።

ከዚያ ኖቬምበር መጣ። የኖቬምበር አጋማሽ የስሪያ ወቅት ነው። ወንዱ አጋዘን ዓመቱን ሙሉ ያቆየውን ጥንቃቄ የሚጥልበት፣ እንስቷን ተከትሎ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚሮጥበት ጊዜ። አዳኙ ሁሉ ፈቃዱን ለዚህ ሳምንት ያጠራቅማል፤ እኔም እንዲሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ስምንት ጫፍ ቀንድ ያለው ወንድ ከጫካው ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። 38 ያርድ ላይ።

የራሴ ሕግ 20 ያርድ ነው፤ ወደ 18 ሜትር። ይህን ሕግ ያወጣሁት ከሜዳ ላይ ዒላማ ጋር በተያያዘ ምክንያት አይደለም፤ ዒላማ ላይ ከሆነ በ40 ያርድም ብርቱካን እመታለሁ። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ከእኔ ደጋን የሚወጣ ፍላጻ በሴኮንድ 270 ጫማ ያህል ይሄዳል። ፈጣን ይመስላል፣ ግን የገመዱ ድምፅ ከ1,100 ጫማ በላይ ይሄዳል። 38 ያርድ 114 ጫማ ነው። ድምፁ አጋዘኑ ጆሮ የሚደርሰው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ ፍላጻው ከአራት አሥረኛ በላይ ይፈልጋል። በመሐሉ ያለችው የሴኮንድ ሲሶ ለእኔ ምንም አይደለችም። ለአጋዘን ግን ጉልበቱን አጥፎ ለመዝለል የሚያዘቀዝቅበት፣ አንድ እርምጃም የሚራመድበት በቂ ጊዜ ናት። 20 ያርድ ላይ ይህች ክፍተት በግማሽ ትጠባለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አስተምሬም አውቃለሁ፤ ሁለት ልጆችን ሜዳ ወስጄ ይህንኑ ስሌት በጣቴ አፈር ላይ ጽፌ አሳይቻለሁ።

ቀንዱን አይቼ ለቀቅኩት።

ወደ ፊት ተራመደ፣ ፍላጻው ከሳምባው ኋላ ገባ። ወርጄ ፍላጻውን ሳገኘው ላዩ ላይ ያለው ደም አረንጓዴ ቡናማ ነበር፣ ይሸታል። ሮዝ መልክ ያለውና አረፋማ ደም ከሆነ ሳምባ ነው፣ እንስሳው ቅርብ ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፣ ሰዓታት ጠብቅ። አረንጓዴ ሆኖ ከሸተተ ግን ሆድ ነው፤ አጋዘኑ መሞቱ አይቀርም፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ቅርብ ቦታ ይተኛል፤ ካልተነካ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ስምንት፣ አሥር፣ ከዚያም በላይ ሰዓት ትጠብቃለህ። እኔ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ዱካው ይታጠባል ብዬ ፈራሁና በአንድ ሰዓት ገባሁ። ጨለማ ውስጥ ከፊቴ ተነስቶ ሲሄድ ሰማሁት። ዝናቡም መጣ። በማግስቱና ከዚያም በኋላ ባለው ቀን ከንጋት እስከ ማታ ፈለግሁ፤ ሽማግሌው ገበሬ በከዘራ እየተደገፈ አብሮኝ ዞረ። ደሙ ወንዙ ዳር አለቀ። አላገኘሁትም።

እንግዲህ "ቀስት ጭካኔ ነው" ያልከኝ ወንድሜ፣ ከእኔ በላይ ማስረጃ አልነበረህም። ያን ምሽት ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። አንተ የማታውቀውን አንድ ሌሊት አውቅ ስለነበር።

ግን ከዚያ ሌሊት አንተ የምታወጣው ትምህርትና እኔ ያወጣሁት አንድ አይደሉም። ጠባችን እዚህ ጋ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ምክር እንደ ጎርፍ ወረደብኝ። አዳኝ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ፎቶ የሚልክ ካሜራ ጫካው ውስጥ በየዛፉ እንዳስር መከረኝ። አጋዘኑ ሲያልፍ ቢሮ ተቀምጠህ ስልክህ ጭው ይላል፣ ሰዓቱን ታያለህ፣ ሲመጣ ጠብቀህ ትለቅበታለህ። ሌላው በቆሎ ድፋ አለኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በግል መሬት ላይ ይፈቀዳል፣ ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ስትገባ ግን በአደን ወቅት የተከለከለ ነው። ሦስተኛው ክሮስቦው ግዛ አለኝ፦ ሰደፍ ያለው፣ ምላጭ ያለው፣ ማጉያ መነጽር የሚገጠምለት፣ ጠመንጃ መሰል ቀስት። ትከሻው ለተጎዳ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አልጠላውም። የእኔ ትከሻ ግን ደህና ነው። አራተኛው፣ የቡናው ላይ አማካሪያችን፣ ጠመንጃ አለኝ። አምስተኛው፣ ሁሉንም የጠቀለለው፣ ሥጋ ቤት አለኝ።

አምስቱም ምክሮች ከራርሜ ሳያቸው አንድ ናቸው። ሁሉም ከሚበላው እንስሳ ትንሽ ራቅ እንድል ነው የሚመክሩኝ። ካሜራው ጫካውን ከመራመድ ያርቀኛል። በቆሎው እንስሳው የት እንደሚበላ ከማወቅ ያርቀኛል። ክሮስቦው 20 ያርዷን 60 ያደርጋታል፣ ጠመንጃው 200። ሥጋ ቤቱ ደግሞ ርቀቱን እስከ ወዲያኛው ይወስደዋል፦ ነጭ ሳህን፣ ላስቲክ፣ ኪሎና ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት። እንስሳ የሚባል ነገር በቦታው የለም።

የእኔ ጥፋት ደግሞ ምን ነበር? ርቄ መተኮሴ። ኖቬምበር ላይ የሠራሁት ኃጢአት ቀስት መያዜ አልነበረም፤ ቀስቱ "ቅረብ" እያለኝ ባለመቅረቤ ነው። ከዚያ በኋላ በሙሉ አፍ "መድኃኒቱ የበለጠ መራቅ ነው" ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

አውቃለሁ፣ መልስ አላችሁ። ጠመንጃ ቶሎ ይገድላል። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገድላል። በደንብ የተመታ ፍላጻም በሴኮንዶች ይገድላል። በመጥፎ የተመታ ጥይትም እንደ እኔ ፍላጻ ሆድ ይበሳል። መሣሪያ ሰውየውን ከራሱ አያድነውም። የካሜራው ጉዳይ የእኔ ብቻ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፦ አሪዞና ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ለአደን እንዳይውል ከልክላዋለች። እነዚያ ሰዎች የአደን ጠላት ሆነው አይደለም። እንስሳው የመሰወር ዕድል ካልተረፈው አደን የሚለው ስም እንደማይገባው ስለገባቸው ነው።

ወደ እኛ ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ቁጣዬ ከነጮቹ አዳኞች ጋር አይደለም።

እኛ ከእንስሳ ርቀን የኖርን ሕዝብ አይደለንም። አብዛኞቻችሁ በግ ሲገዛ አብራችሁ ሄዳችኋል፤ አባታችሁ ጀርባውን ጨብጦ፣ ላቱን መዝኖ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ሦስት ጊዜ ጥሎ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሲመለስ አይታችኋል። በጉ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ሣር አብልታችሁታል፣ ስም አውጥታችሁለታል፣ በዓሉ ጠዋት ደግሞ አልቅሳችኋል። ማታ ጥብሱን በላችሁ። ማንም ያን ጭካኔ አላለውም። እዚህም ቢሆን አንዳንድ ማኅበር ገጠር ወርዶ ከገበሬ በሬ ይገዛና ቅርጫ ይካፈላል፤ ወንዶቹ ጃኬታቸውን አውልቀው፣ ሴቶቹ ትሪ ይዘው፣ ዕጣ ወጥቶ። ከእንስሳው ጋር የመጨረሻው ግንኙነታችን ያ ነው። እሱም እያለቀ ነው፤ ልጆቻችን ሥጋ ከላስቲክ እንጂ ከአጥንት እንደሚወጣ ያዩበት ቦታ የለም። እና በዚህ መሐል አንድ ሰው በጉን የሚያይበትን ዓይን ሳያጣ ለመብላት ሲሞክር "ጨካኝ" ይባላል፣ ያውም ጥሬ ሥጋ እየጎረሰ ባለ አፍ።

ለምን እንደሆነ የሚገባኝ ይመስለኛል። በእኛ ትዝታ ውስጥ አደን ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው ገዳይ ነው፦ አንበሳ ወይም ዝሆን ጥሎ የሚፎክር፣ በዚያም ማዕረግ የሚያገኝ ጀግና። ሁለተኛው የተናቀው አዳኝ ነው፦ የጣና ዳር ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ስለበሉ ብቻ ለዘመናት እንደ ርኩስ ተቆጥረዋል፤ ይህ ደግሞ ልናፍርበት የሚገባ የራሳችን ታሪክ ነው። ከሁለቱ መሐል ያለው፣ ለድስቱ ብሎ ቆቅና ጅግራ፣ ሚዳቋ የሚያድነው የገጠር ሰው ግን ዘፈንም ስድብም ስላልተሰጠው ረሳነው። ስለዚህ እኔን ሲያዩኝ ወይ ፎካሪ ነኝ ወይ የተቸገርኩ። "ምን ጎደለህ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለፎካሪዎቹ ከሆነ መልስ አለኝ፤ ኢንስታግራም ላይ የሞተ አጋዘን አንገት አቅፎ የሚስቅ ሰው እኔንም ያስጠላኛል። ኖቬምበር ላይ ያሳተኝም እሱ ነው፤ ቀንዱን ሳይ ውስጤ ያለው እሱ ነው የለቀቀው።

"ያልተባረከ ሥጋ ነው" የሚሉም አሉ፤ ይህኛውን በክብር እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም አክስቴም ከነሱ ናቸው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ የሚበሉት እንስሳት ሲዘረዘሩ ዋላና ሚዳቋ በስማቸው አሉበት። ዘሌዋውያን 17፥13 ደግሞ አድኖ ለሚበላ ሰው በቀጥታ ይናገራል፦ ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይሸፍነው። ሙስሊም ጓደኛዬም ፍላጻው ሲለቀቅ ቢስሚላህ ከተባለ አደኑ እንደሚፈቀድ ነግሮኛል። ሃይማኖቶቻችን አዳኙን ያውቁታል። የማያውቀው የሰፈሩ ወግ ነው።

ስለ ተፈጥሮ ሚዛን የሚባለውን ክርክር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀርቼዋለሁ። እውነት ስላልሆነ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለገበያ ሲታደን የዚህ አገር ነጭ ጭራ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፌዴራል ሕግ የተጀመረው ቁጥጥር፣ የዱር ሥጋ ሽያጭ መከልከሉ፣ በ1937 በጠመንጃና በጥይት፣ በኋላም በ1972 በወጣ ሕግ በቀስት ላይ የተጣለው የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መዋሉ መልሶታል፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ተኩላው ከዚህ አካባቢ ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚቀንሰው ወይ መኪና ነው ወይ አዳኝ ወይ ረሀብ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ለሀገር ሚዛን ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከአልጋዬ ተነስቼ አላውቅም። እንዲህ የሚል አዳኝ ካጋጠማችሁ ትንሽ ተጠራጠሩት።

የምነሳው ለጃንዋሪ ነው።

ጃንዋሪን ማንም አይወደውም። ስሪያው አልፏል፣ የጠመንጃው ሁለት ሳምንት አልፏል፣ ወንዶቹ ቀንዳቸውን መጣል ጀምረዋል፣ ፎቶ የሚነሳ ነገር የለም። አብዛኛው አዳኝ ማማውን አውርዶ ቤቱ ገብቷል። የቀስቱ ወቅት ግን እስከ ጃንዋሪ 31 ክፍት ነው። ከገና ጀምሮ ሲቆጠር 25 ቀን። የእኛ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ነገሩን ያሳምረዋል፦ ጾመ ነቢያት ተፈቷል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ረቡዕና ዓርብን፣ የጥምቀትን ዋዜማ ካወጣችሁ የቀረው ሁሉ የሥጋ ቀን ነው። ኖቬምበር ላይ ብገድል ኖሮ ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይጾም ነበር። ለአንድ የተዋሕዶ ልጅ ከዚህ የተሻለ የአደን ወቅት ማን ያውቃል?

ከባድነቱ ግን ሌላ ነው። አጋዘኑ አሁን ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ በበልግ ባጠራቀመው ስብ ይኖራል። ፀጉሩ ቀዩን ጥሎ ግራጫ ሆኗል፤ ቅጠል ከሌለው ጫካ ጋር አንድ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ወደሚመታው ወደ ደቡብ ወደሚያይ ተዳፋት ሄዶ ይተኛል። እንስቶቹ በመንጋ ነው የሚሄዱት፤ አንድ ዓይን ብታመልጥ ስምንት ይጠብቅሃል። አራት ወር ስትታደን ከርማ በሕይወት የተረፈች እንስት ደግሞ ቀና ብላ ዛፍ ላይ ማየትን ተምራለች። አንተስ? የሚደብቅህ ቅጠል የለም። በረዶው ከእግርህ ሥር ይጮሃል። ሁለት ሰዓት ሳትነቃነቅ ከተቀመጥክ በኋላ ክንድህ ደጋኑን ለመሳብ እምቢ ይላል፤ ወፍራም ጃኬት ከለበስክ ገመዱ እጅጌህን ይመታና ፍላጻውን ያስትብሃል። ስለዚህ ስስ ለብሰህ ትበርዳለህ።

በዚህ ወቅት በ38 ያርድ መተኮስ ፈተና ሆኖ በየቀኑ ይቀርባል። መንጋው ማሳው መሐል ይወጣል፣ 40፣ 45 ያርድ ላይ ቆሞ የበቆሎ ቅሪት ይለቅማል፣ ይጨልማል። አምስት ምሽት እንዲህ ሆነ። አምስቱንም ምሽት ደጋኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ካሜራ ያላሰርኩት ለዚህ ነው፤ በረዶ በወረደ ማግስት ወርጄ ዱካቸውን በእግሬ ተከተልኩ። ከተዳፋቱ ተነስተው በደረቀ ጅረት ውስጥ አልፈው፣ አንድ የወደቀ ዛፍ ዞረው ነው ወደ ማሳው የሚወጡት። ማማዬን አንስቼ ከዚያ ከወደቀው ዛፍ 15 እርምጃ ርቆ ባለ ግንድ ላይ በእኩለ ቀን፣ እነሱ ተኝተው ሳለ፣ አሰርኩት። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በሚነፍስበት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። አራት ቀን ነፋስ ጠበቅሁ።

ጃንዋሪ ሊያልቅ ሰባት ቀን ሲቀረው መጡ። አራት እንስቶች። ፊተኛዋ፣ ትልቋ፣ ከሥሬ ቆማ ቀና አለች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ስገልጥ ጭራዋን አወዛውዛ ሄዳለች። ሁለተኛዋ ጭንቅላቷ ከግንዱ ኋላ ሲገባ ሳብኩ፣ ስትወጣ ቆመች፣ 16 ያርድ። በስመ አብ ብዬ ለቀቅኩ። ወደ ስልሳ እርምጃ ሮጣ ስትወድቅ አየኋት፤ ሙሉው ነገር ደቂቃ አልሞላም። ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ማማው ላይ ተቀመጥኩ። ኖቬምበር አስተምሮኛል።

አፈሩ ስለበረደ ደሙን ለመሸፈን በጫማዬ ተረከዝ መቆፈር ነበረብኝ። ከዚያ ቢላዬን አውጥቼ ሆዷን ከፈትኩ።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። እርጉዝ ነበረች። ኖቬምበር ላይ የተሰረረች እንስት ጃንዋሪ ላይ እርጉዝ ናት፤ ማንኛውም የጃንዋሪ አዳኝ ያውቀዋል፣ ጥቂቱ ነው የሚያወራው። ሁለት ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ከመዳፌ የማይበልጡ። በሒሳብ ካያችሁት ኦክቶበር ላይ ብገድላትም እነዚያ ሁለቱ አይወለዱም ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነው። በረዶ ላይ ተንበርክኮ መዳፍህን ሲያዩ ግን ሒሳብ ብዙ አይረዳም። እዚያው ቀበርኳቸው፤ ያ ደግሞ ከደሙ የባሰ ቁፋሮ ነበር።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ባለፈው ገና የበላችሁት በሬ ነበር ወይስ ላም? ስንት ዓመቷ ነበር? የት አደገች፣ ምን በላች፣ በስንት ሰዓት የጭነት ጉዞ መጣች? እርጉዝ ነበረች? ማረድ ያለ ቦታ ይህ አለ፤ ሳህኑ ላይ ያለው ወረቀት ግን አይጽፈውም። የኪሎውን ዋጋ ብቻ ነው የሚጽፈው። የእኔ ሥጋ እጅ ላይ የሚቀር ዋጋ አለው። ያን ዋጋ መክፈል ካልፈለግህ አትብላ፤ ጾመኛ ሁን፣ አከብርሃለሁ፣ ሽሮህን አብሬህ እበላለሁ። ከፍለህ ለመብላት ከፈለግህ ና፣ ማማው ሁለት ሰው ይይዛል። ሌላ ሰው በማታየው ቦታ እየከፈለልህ እኔን ጨካኝ ማለት ግን አይሆንም።

18 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ወጣት። ሩቡን ለሽማግሌው ገበሬ ሰጠሁ። ክትፎ ሥራልን ያሉኝን ሁሉ እምቢ አልኩ፤ የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ ተውሳክ አለበት። ስብ ስለሌለው ለጥብስ ቅቤ ይፈልጋል። ለቋንጣ ግን የተፈጠረ ነው፤ ዝልዝሉ እንደ ጨርቅ ቀጭን ይወጣል፣ በበርበሬና በጨው ታሽቶ ሁለት ቀን ኩሽና ውስጥ ተሰቀለ።

ቋንጣውን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ያ ቀልደኛ አልነበረም። ልጆቹ ፍርፍሩን በሉት፤ አንዷ የጎዳና አጋዘን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ጀበናውን ይዘው ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ልጆቹ ሲነሱ ተቀመጡ።

"ስትሞት አየሃት?"

"አየኋት።"

"እርጉዝ ነበረች?"

ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ከብት ያረቡ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ምናልባት ወራቱን በልባቸው ቆጥረውት ይሆናል። "ነበረች" አልኳቸው። "ሁለት።"

ዝም አሉ። ቡናውን ቀድተው አቀበሉኝ።

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"ስለጠየቁኝ።"

የተረፈውን ቋንጣ በእጃቸው አንስተው ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው "ዛሬ አልቀምሰውም፤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥልኝ" አሉ።